ሄምፕ ያበላል ወይ? ስለ አንድ ሰብልና ስለ ጎደለው ማሽን

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በውጭ በምንኖር ወገኖች ዘንድ «አዋጭ ነው» እየተባለ ከሚወራላቸው የሥራ መስኮች አንዱ የሄምፕ እርሻ ሆኗል። ውሃ አይፈልግም፣ ጸረ ተባይ አይፈልግም፣ አፈር ያለማል፣ ከአንዱ ተክል ጨርቅም ወረቀትም የግድግዳ መሥሪያም ዘይትም ይወጣል፣ ትርፉም እጥፍ ድርብ ነው ይባላል። ባለፉት ስድስት ሰባት ዓመታት «አንተ መሐንዲስ ነህና እስቲ ቁጥሩን እይልን» ተብለው ሦስት የንግድ ዕቅዶች እጄ ገብተዋል። ሁለቱ እዚሁ አሜሪካ መሬት ተከራይቶ ለመዝራት፣ ሦስተኛው አገር ቤት ለመሞከር የታሰቡ ነበሩ። ሦስቱም ስለ ዘሩ፣ ስለ መሬቱና ስለ ዓለም ገበያ ብዙ ገጽ ጽፈዋል። አገዳው ከማሳው ከተነሣ በኋላ የት ሄዶ፣ በምን ማሽን እንደሚፈለቀቅ ግን አንዳቸውም ከሁለት መስመር በላይ አላሉም።

እኔ ደግሞ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያችው ሁለት መስመር ነው። ሄምፕን ማብቀል ከባድ አይደለም። ገበሬውን የሚያከስረውም የሚያበላውም፣ ከማሳው በቅርብ ርቀት ላይ ማሽንና የታወቀ ገዢ መኖር አለመኖሩ ነው። አሜሪካ ይህንን ደጋግማ ሞክራ አይታዋለች፤ ታሪኩም ቁጥሩም በግልጽ አለ። ብዙዎቻችን ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ተጠራቅሞ የተገኘ ገንዘብ ይዘን ወደዚህ ዓይነት ሥራ ስለምንገባ፣ ጉዳዩን ረጋ ብሎ ማየቱ አይከፋም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ሄምፕ ምንድነው? በዕፅዋት ሳይንስ ካናቢስ ሳቲቫ ይባላል፤ ማለትም ከሚያሰክረው ካናቢስ ጋር አንድ ተክል ነው። የሚለየው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚባለው፣ በጣም አነስተኛ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ሕግ ድንበሩ ከደረቁ ክብደት 0.3 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር የመጣው ኤርነስት ስሞል የተባለው ካናዳዊና አርተር ክሮንኲስት የተባለው አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1976 ካወጡት ጥናት ነው። እነርሱ መስመሩን ያሰመሩት ተክሉን በሁለት ወገን ለመመደብ እንጂ ምን ያህሉ ሰውን እንደሚያሰክር ለመለካት አልነበረም። የየአገሩ ሕግ አውጪዎች ግን ዝግጁ ቁጥር ስላገኙ ወሰዱት። ዛሬ አንድ ገበሬ ሰብሉ 0.3 ላይ ቀርቶ 0.6 ላይ ቢገኝ፣ ማንንም የማያሰክር ማሳ አጥፋ ሊባል ይችላል።

በነገራችን ላይ ለሄምፕ የረጋ የአማርኛ ስም የለንም። አንዳንድ ጋዜጦች ካናቢስን «ዕፀ ፋሪስ» ይሉታል፤ በባህል ሕክምና አጤ ፋሪስ የሚባለው ግን አስተናግር ነው፣ እርሱም ሌላ መርዛም ተክል ነው። ስለዚህ ሄምፕ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከሄምፕ ሦስት ነገር ይሰበሰባል፤ አበባው፣ ፍሬውና አገዳው። «ከአንዱ ተክል ሁሉም ይወጣል» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። ለአበባ የሚተከለው ሄምፕ እንደ ቲማቲም ተራርቆ፣ ሴቴው ብቻ ተመርጦ፣ በሰው እጅ ተኮትኩቶ የሚያድግ ነው። ለቃጫ የሚዘራው ደግሞ እንደ ስንዴ እጅግ ተጠጋግቶ ይዘራል፤ የተጠጋጋው ቅርንጫፍ እንዳያወጣና ወደ ላይ ብቻ እንዲመዘዝ ነው። ጥሩ ቃጫ የሚገኘው ተክሉ ማበብ ሲጀምር ከታጨደ ነው። ፍሬው እስኪደርስ ከተጠበቀ ቃጫው ይጠነክርና እንጨት እንጨት ይላል። ስለዚህ ገበሬው ገና ዘር ሲገዛ ለየትኛው ገበያ እንደሚያርስ መወሰን አለበት። የሦስቱንም ገቢ በአንድ ሄክታር ላይ ደምሮ ያቀረበ ዕቅድ ካያችሁ፣ ሌላውን ገጽ ለማንበብ አትድከሙ።

አሁን ወደ አገዳው እንምጣ። በገጠር ያደገ ሰው ልጥ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከዛፍ ቅርፊት ተልጦ ማሰሪያ የሚሆነው ማለት ነው። የሄምፕ ቃጫም ያለው በዚሁ ልጥ ውስጥ ነው። ከደረቀው አገዳ ክብደት ቃጫው ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢሆን ነው። የቀረው በመካከል ያለው ቀላልና ስፖንጅ መሰል እንጨት ነው። ልጡንና እንጨቱን ያጣበቃቸው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው፤ ማርማላታን የሚያረጋው ያው ነው። ይህንን ማጣበቂያ ለማላቀቅ የታጨደው አገዳ በማሳው ላይ ተነጥፎ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ጤዛው ያርሰዋል፣ ሻጋታና ባክቴሪያ ማጣበቂያውን ይበላሉ። ቀደም ብሎ ከተነሣ ቃጫው ከእንጨቱ አይለቅም፤ ከዘገየ ደግሞ ሻጋታው ማጣበቂያውን ጨርሶ ቃጫውን መብላት ይጀምራል። በዚህ መካከል አንድ ሳምንት ዝናብ ከጣለ የዓመቱ ልፋት ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ሲወርድ ይታሰራል። እርጥብ ሆኖ ከታሰረ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል።

ቀጥሎ ማሽኑ ይመጣል። ዲኮርቲኬተር ይባላል። በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው፤ ጥርስ ባላቸው ሮለሮች መካከል አገዳው ሲያልፍ እንጨቱ ተሰባብሮ ይረግፋል፣ ቃጫው ግን ስለሚተጣጠፍ አይሰበርም፤ ከዚያ እየተመታና እየተነፋ ይጸዳል። ወረቀት ላይ ሲታይ የሁለተኛ ዓመት የመካኒካል ተማሪ የሚነድፈው ይመስላል። በሥራ ላይ ግን ሌላ ነው። ይህ ቃጫ ከተክል ቃጫዎች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የሚዞር ነገር ሲያገኝ ይጠመጠምበታል። በየዘንጉና በየኩሽኔታው ተጠምጥሞ ማሽኑን ያስቆማል። አቧራው ደግሞ ደቃቅና በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ የአቧራ መምጠጫው ሥርዓት ራሱን የቻለ ትልቅ ወጪ ነው። ለዚህ ነው በኢንዱስትሪ ደረጃ የሚሠራ መስመር በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቀው።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን መጓጓዣው ነው። የሄምፕ እስር ከክብደቱ ይልቅ ቦታው ይበዛል። 20 ቶን የሚሸከም ተጎታች መኪና፣ እስሩ በአንድ ሜትር ኩብ 150 ኪሎ ያህል ቢመዝን፣ 13 ቶን ገደማ ሲጭን ቦታው ያልቃል። ከዚያም ውስጥ ሦስት አራተኛው ርካሹ እንጨት ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው 300 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያርስ ገበሬ የሚሸጠውን ቃጫ ትርፍ እንጨት በማመላለስ ይጨርሰዋል። ፋብሪካው ደግሞ ዙሪያውን በቂ ማሳ ከሌለው ብድሩን መክፈል አይችልም። ገበሬው «ፋብሪካ ሳይኖር አልዘራም» ይላል፤ ባለሀብቱ «ማሳ ሳላይ አልሠራም» ይላል። ያ ነው የሄምፕ ችግር፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ኬንታኪ የሚባለው የአሜሪካ ግዛት ይህንን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአገሪቱ የሄምፕ እርሻ ዋና ቦታ እርሱ ነበር። ምርቱ የደቡቡ ጥጥ የሚጠቀለልበት ሻካራ ጨርቅና ገመድ ነበር። ማሽኑስ? ማሽኑ የሰው ክንድ ነበር። በባርነት የተያዙ ጥቁሮች በክረምት ሜዳ ላይ ቆመው፣ ከእንጨት በተሠራ ከባድ መስበሪያ አገዳውን እየቀጠቀጡ ቃጫውን ያላቅቁ ነበር፤ በቀን ወደ 100 ፓውንድ ቃጫ አውጡ ይባሉ ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ያ የግዴታ ጉልበት ሲቀር፣ ጁትና ሌሎች ርካሽ የውጭ ቃጫዎችም ሲመጡ፣ እርሻው እያነሰ ሄደ። አንድ ሰብል ትርፋማ የነበረው የሠሪው ደመወዝ ስላልተከፈለ መሆኑን የሄምፕ አድናቂዎች ታሪኩን ሲያወሱ ሁልጊዜ አይጠቅሱትም።

በ1919 ጆርጅ ሽሊክተን የተባለ ሰው ዲኮርቲኬተር ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘ። በየካቲት 1938 ደግሞ ፖፑላር ሜካኒክስ መጽሔት እነዚህን ማሽኖች አይቶ ሄምፕን አዲስ የቢሊዮን ዶላር ሰብል ብሎ አወደሰ። መጽሔቱ ሲወጣ ግን ካናቢስን በግብር የሚያንቀው የ1937ቱ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ብዙ ሰው ሄምፕን ያጠፋው ያ ሕግ ብቻ ይመስለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሕጉ የመታው ቀድሞውኑ የታመመውን ነው፤ ማሽኖቹ ገና ራሳቸውን አልቻሉም ነበርና።

ለዚህ ማስረጃዬ ቀጥሎ የመጣው ጦርነት ነው። ጃፓን ፊሊፒንስን ስትይዝ የመርከብ ገመድ የሚሠራበት የማኒላ ቃጫ ተቋረጠ። ያኔ ሄምፕን ሲያሳድድ የነበረው መንግሥት ራሱ በ1942 «ሄምፕ ለድል» የሚል ፊልም ሠርቶ ገበሬውን ዝራልኝ አለ። ዝራ ብሎ ብቻ አልተወም። ዋር ሄምፕ ኢንዱስትሪስ በተባለ ድርጅት አማካይነት 42 ያህል ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎችን በመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች፣ እርሻው ባለበት አካባቢ ተከለ፤ ምርቱንም ገዛ። ገበሬውም ዘራ። ጦርነቱ አልቆ መንግሥት ገዢነቱን ሲያቆም ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ እርሻውም አብሮ ሄደ። በዊስኮንሰን የቀሩት ጥቂቶች እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ተንገታግተው ቆሙ። ያው ተክል፣ ያው መሬት፣ ያው ገበሬ ነው። የተለወጠው የማሽኑና የገዢው መኖር ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ በእኛ ዘመን የሆነው ነው። ኬንታኪ ሄምፕ ከተወ በኋላ የኖረው በትምባሆ ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የትምባሆ ገበሬን ዋጋ ሲጠብቅ የነበረው የኮታ ሥርዓት በ2004 በወጣ ሕግ ሲቀር ብዙ አነስተኛ ገበሬ ሌላ ሰብል ፍለጋ ወጣ። በ2014 የወጣው የእርሻ ሕግ ግዛቶች ሄምፕን ለጥናት እንዲዘሩ ፈቀደ። ቀጥሎ የኬንታኪው ሴናተር ሚች መኮኔል ግንባር ቀደም ሆነው የገፉት የታኅሣሥ 2018 ሕግ ሄምፕን ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አወጣው። ደስታው ወሰን አልነበረውም። በ2019 ኬንታኪ ውስጥ ወደ 26 ሺህ ኤከር ተተከለ።

የተተከለው ግን በአብዛኛው ለቃጫ አልነበረም። ሁሉም የሮጠው ወደ አበባው፣ ሲቢዲ ወደሚባለው ዘይት ነበር። ሲቢዲ አያሰክርም፤ ለሕመም፣ ለእንቅልፍና ለጭንቀት ይሆናል እየተባለ በየመደብሩ ይሸጥ ነበር። የትምባሆ ማድረቂያ ጎተራዎቹ ለአበባ ማድረቂያ ይሆናሉ ተብሎ ታሰበ። መኸሩ ሲደርስ ግን የማድረቂያና የማውጫ ፋብሪካው አቅም ከማሳው ጋር አልተመጣጠነም። አበባ በእርጥበቱ ከቆየ ይሻግታልና ወረፋ አይጠብቅም። በመላ አገሪቱም ሁሉም በአንድ ዓመት ስለዘራ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ተንኮታኮተ። ከትልልቆቹ የኬንታኪ አቀነባባሪዎች አንዱ የነበረው ጄንካና በየካቲት 2020 በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ሥር ገባ፤ ውል ይዘው ያቀረቡ ገበሬዎች ገንዘባቸውን ሲጠብቁ ቀሩ። በዚያው ዓመት በግዛቱ የተተከለው ወደ 5 ሺህ ኤከር ገደማ ወረደ።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከ2021 ጀምሮ የሄምፕን ምርት በየዓመቱ ይቆጥራል። የ2021 ጠቅላላ ዋጋ 824 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2022 ወደ 238 ሚሊዮን ወደቀ። በ2024 መልሶ ወደ 445 ሚሊዮን ወጣ። «አየህ፣ አገገመ» የሚሉኝ አሉ። ውስጡን እንየው። ከ445ቱ ውስጥ ወደ 415 ሚሊዮኑ የአበባ ነው። በሜዳ የተዘራው ቃጫ ወደ 19 ሺህ ኤከር ከሚጠጋ መሬት 60 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ተሰብስቦ፣ ያወጣው 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አካፍሉት፤ በኤከር 600 ዶላር አይሞላም። በዚያው ዓመት በቆሎ በኤከር በአማካይ 179 ቡሽል ሰጥቷል፤ አንዱ ቡሽል ከ4 ዶላር ትንሽ በላይ ሲሸጥ ከ700 ዶላር በላይ ይሆናል። በቆሎ ደግሞ መጋዘኑም፣ ባቡሩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ገዢውም በየቀዬው አለለት። እንግዲህ በቆሎ ማብቀል የሚችል ገበሬ ለምን ብሎ ሄምፕ ይዘራል?

ሌላ ስሌት ልጨምር። በሰዓት 5 ቶን አገዳ የሚፈለቅቅ፣ በዓመት 4 ሺህ ሰዓት የሚሠራ አንድ ፋብሪካ 20 ሺህ ቶን ይፈልጋል። በ2024 መላው አሜሪካ በሜዳ ያመረተው የቃጫ ሄምፕ በቶን ሲመነዘር 27 ሺህ ገደማ ነው። ማለት አንድ ደህና ፋብሪካ ብቻውን የአገሪቱን ምርት ሦስት አራተኛ ይውጣል። ይህን ያህል ማሳ በየግዛቱ ተበታትኖ ባለበት ሁኔታ ፋብሪካው እንዴት ትርፋማ ይሁን?

የአበባው ገንዘብስ? እርሱ የቆመው በሕግ ቀዳዳ ላይ ነበር። የ2018ቱ ሕግ የሚለካው አንዱን የቲኤችሲ ዓይነት፣ ዴልታ ዘጠኝ የሚባለውን ብቻ ስለነበር፣ ከሄምፕ ሲቢዲ በኬሚካል ተለውጦ የሚያሰክር ከረሜላና መጠጥ በየነዳጅ ማደያው መሸጥ ጀመረ። በኅዳር 2025 የወጣው ሕግ ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን ጠቅላላውን ቲኤችሲ እንዲቆጠር አደረገ፤ ለተጠቃሚ በሚሸጥ በአንድ ዕቃ ውስጥ ከ0.4 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ሥራ ላይ እንዲውልም የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ። ይህንንም ከገፉት አንዱ የ2018ቱን ያወጡት መኮኔል ራሳቸው ናቸው። ቃጫና ፍሬ ከዚህ ውጪ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በሄምፕ ገንዘብ ላስገባ የሚል ሰው፣ የሚታየው ትልቅ ቁጥር ሕጉ ሊያጠፋው ከተነሣው ገበያ የመጣ መሆኑን ይወቅ። (አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ፦ እዚህ ከመደብር የገዛችሁትን የሲቢዲ ዘይት ሻንጣ ውስጥ ረስታችሁ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች እንዳትሄዱ። እዚህ ቫይታሚን የመሰለው እዚያ ሊያሳስር ይችላል።)

እንዲህ ስል ሄምፕ የሚወራለት ጥቅም ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ተጠጋግቶ የተዘራ ሄምፕ ፈጥኖ ስለሚሸፍን አረሙን አፍኖ ይገድለዋል፤ ጸረ አረም ሳይረጩ ማምረት የሚቻልበት አንዱ እውነተኛ ምክንያት ይህ ነው። ሥሩ ጠልቆ ስለሚገባ ለቀጣዩ ስንዴ አፈሩን ያላላል። «ማዳበሪያ አይፈልግም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። እንደ ባቄላ ናይትሮጅን ከአየር የሚወስድ ተክል ስላልሆነ፣ ጥሩ ምርት ለማግኘት በሄክታር 100 ኪሎና ከዚያ በላይ ናይትሮጅን ይሻል። ውሃ የሚተኛበት መሬትም አይስማማውም። ከጥጥ ያነሰ ውሃ መፈለጉ እውነት ነው፤ ከጥጥ ያነሰ ማለት ግን በድርቅ ያድጋል ማለት አይደለም።

በአካባቢ ጥበቃ በኩል እኔን በጣም የሚስበኝ ቃጫው ሳይሆን የተናቀው እንጨት ነው። ተቆራርጦ ከኖራና ከውሃ ጋር ሲቦካ ቀላል ግድግዳ ይሆናል። ጭቃና ጭድ አቡክቶ ግድግዳ ከሚመርግ ሕዝብ ለመጣን ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ሸክም አይችልምና ቤቱን የሚያቆመው የእንጨት ወይም የብረት አጽም ነው፤ ሄምፑ ሙቀትና ብርድ ይከላከላል፣ እርጥበት ይተነፍሳል፣ በቀላሉ አይቃጠልም። ከአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ውስጥ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ካርቦን አለ፤ ያ ማለት ተክሉ ሲያድግ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ወስዷል። ኖራው ሲቃጠል ከዚያ ከፊሉ ይመለሳል እንጂ ሒሳቡ መጥፎ አይደለም። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች የሕንፃ ደንብ በ2024 እትሙ የሄምፕና ኖራ ግድግዳን በአባሪነት አስገብቷል። ይህ ለፋብሪካው ትልቅ ነገር ነው፤ ከሚፈለቅቀው ሦስት አራተኛው እስካሁን የፈረስ ማደሪያ ከመሆን ያለፈ ዋጋ አልነበረውምና።

ታዲያ የተሳካለት የለም? አለ። ፈረንሳይ ሄምፕን ፈጽሞ አልከለከለችም፤ ዛሬ በአውሮፓ ትልቋ አምራች እርሷ ናት። በምሥራቅ ፈረንሳይ በኦብ አውራጃ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ላ ሻንቭሪዬር የሚባል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላቱ ፋብሪካውን ራሳቸው ይዘውታል። ዘሩን የሚወስዱት ከማኅበሩ ነው፤ የሚዘሩትም ማኅበሩ ሊፈለቅቅና ሊሸጥ የሚችለውን ያህል ነው። ቃጫው ለሲጋራና ለመጽሐፍ ቅዱስ ስስ ወረቀት፣ ለመኪና በር ውስጠኛ ልባስ ይሄዳል፤ እንጨቱ ለግድግዳና ለእንስሳት ማደሪያ ይሄዳል፤ ፍሬው ለወፍ ቀለብና ለዘይት ይሸጣል። ማንም በአንድ ዓመት አልበለጸገበትም። ገበሬው ሄምፕን የሚያስገባው ከስንዴና ከስኳር ቢት ጋር በየተራው እያፈራረቀ፣ ከእርሻው ትንሽ ክፍል ላይ ብቻ ነው። ይህ ሃምሳ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ፤ ሦስተኛው ዕቅድ ስለዚያ ነበርና። በመጀመሪያ ሕጉ አለ። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ማምረትና ማዘዋወር በጥብቅ ይቀጣል። «የእኔ አያሰክርም» ብሎ ዘርቶ ፍርድ ቤት መከራከር ለጠላት የማይመኙት ነገር ነው። ትምባሆ ዋና የውጭ ምንዛሪዋ የሆነው ማላዊ በ2020 ሕጓን ለውጣ ሄምፕን ስለፈቀደች፣ የሕግ ጉዳይ የማይነቃነቅ ነው አልልም።

ሕጉ ቢለወጥ እንኳ ግን ፀሐይ አለች። ሄምፕ የሚያብበው ቀኑ ሲያጥርበት ነው። በሰሜን ፈረንሳይ በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ስለሚረዝም ተክሉ ሳያብብ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ አገዳው የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። የፈረንሳይን ወይም የካናዳን ዘር ወስዳችሁ ባኮ ወይም ሐዋሳ ብትዘሩት፣ ገና ጉልበት ሳይደርስ «መከር መጣ» ብሎ ያብብና ይቆማል። አገዳ የለም ማለት ነው። ለዚህ ነው ታይላንድ የራሷን ከፍተኛ ቦታ ዝርያዎች ለዓመታት እያዳቀለች አርፒኤፍ የተባሉትን ያወጣችው። ኢትዮጵያም ብትፈልግ እንዲህ ያለ የዓመታት የዘር ሥራ ይጠብቃታል። ዕቅዱ ላይ የነበረው ዘር ከአውሮፓ የሚገዛ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። ቃጫ ፍለጋ ይህን ሁሉ መንገድ ለመሄድ የተዘጋጀው ዕቅድ፣ አገር ቤት ስላለው ቃጫ አንድም ቃል የለውም። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀድያ፣ በከምባታና በሌሎችም አካባቢዎች እንሰት በየጓሮው አለ። እናቶች የእንሰቱን ግንድ በሳንቃ ላይ ዘርግተው፣ በእግራቸው ይዘው፣ በቀርከሃ ስንጥቅ ሲፍቁት ለምግብ የሚሆነው ይወርዳል፤ ቃጫው በእጃቸው ላይ ይቀራል። ይህ ቃጫ ገመድ፣ ጆንያና ምንጣፍ ሲሆን ኖሯል። ለመስበሪያውና ለመፋቂያው ከኬንታኪው ሜዳ ጋር የሚመሳሰለው ነገር አሳዛኝ ነው፤ እዚህም ማሽኑ የሰው ክንድ ነው፣ የዚያም ክንድ ዋጋ በአብዛኛው አይቆጠርም። በአንጻሩ ቡናችን ወደ ውጭ የሚላክበት የጁት ጆንያ ከነባንግላዴሽ ሲገባ የኖረ ነው።

የእንሰት ቃጫ ከሄምፕ ይልቅ ጥቂት ነገሮች ቀንተውታል። ሕግ አይከለክለውም፤ ዘር ማስመጣት አይጠይቅም፤ ተክሉ ለምግብ ስለሚቆረጥ ቃጫው በትርፍነት የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ቢወድቅ ገበሬው አይራብም። ማሽኑ ግን ከሄምፑ ይለያል። በማሳ ሙሉ ሳይሆን በጓሮ አምስትና አሥር ግንድ ስለሚቆረጥ፣ ፋብሪካው ወደ እንሰቱ መሄድ አለበት እንጂ እንሰቱ ወደ ፋብሪካው አይመጣም፤ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነውና። በሁለት ሰው የሚነሣ ወይም በጋሪ የሚሄድ፣ በትንሽ ሞተር የሚሠራ፣ የሚፍቀውን ምግብ የማያባክንና ዝገትም ሆነ ዘይት የማይነካበት መሆን አለበት። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ተራው የሲሳል መፈልፈያ ማሽን ቃጫውን አድኖ ሥጋውን በውሃ እያጠበ ይጥላል፤ እዚህ ግን ሥጋው ቆጮ ነው፣ ጭማቂው ቡላ ነው፣ ቤተሰቡ የሚበላው እርሱን ነው። መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎች ላይ ሠርቷል። የቀረው ጠንክሮ የሚቆይ፣ መለዋወጫው በወረዳው ከተማ የሚገኝና አንድ የሴቶች ማኅበር በብድር ገዝቶ በሁለት ዓመት ዕዳውን የሚመልስበት ዋጋ ያለው አድርጎ ማውጣት ነው። የሚጠመዘዝ ብሎን፣ ትንሽ የብየዳ ቤት፣ ሁለት ወጣት መሐንዲስ ይበቃዋል ባይባልም፣ የሄምፕ መስመር ከሚጠይቀው ገንዘብ አንድ መቶኛ አይፈጅም።